በማኅበረሰብ ሆስፒታል የኦስቲዮፓቲክ የውስጥ ደዌ ሥልጠና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው አሜሪካ ውስጥ ከሕክምና ኮሌጅ ወጥተው በማኅበረሰብ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ለሚጀምሩ ዲኦዎች፣ ማለትም የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ዶክተሮች፣ እና በእነዚሁ ሆስፒታሎች ለማመልከት ለሚያስቡ ሌሎች ሐኪሞች ነው። ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ዲኦ ሐኪም ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ሐኪም ነው። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም የሚያደርገው ዲግሪ ሁለት ነው፤ ኤምዲ እና ዲኦ። ሁለቱም አራት ዓመት ይማራሉ፣ በአንድ የማች ሥርዓት (አመልካችንና ሆስፒታልን በምርጫቸው የሚያገናኝ ምደባ) ይወዳደራሉ፣ በሃምሳውም ግዛት መድኃኒት ያዛሉ፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። ዛሬ እዚያ ሕክምና ከሚማሩት ከሩብ በላይ የሚሆኑት በኦስቲዮፓቲክ ኮሌጆች ውስጥ ናቸው። የዲኦው ልዩነት በእጅ መመርመርንና ማከምን ወደ 200 ሰዓት ገደማ ተጨማሪ መማሩ ነው። ይህ የእጅ ሕክምና ባጭሩ ኦኤምቲ ይባላል።

ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። እንግሊዝ አገር ኦስቲዮፓት ማለት በ1993 በወጣ ሕግ የሚተዳደር የእጅ ሕክምና ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለም። ለንደን ያለች አክስት «ሕክምናውን ትቶ ኦስቲዮፓት ሆነ አሉ» ብላ ብታዝን አይፈረድባትም።

«ይኼማ የእኛው ወጌሻ አይደለም እንዴ?»

ዳብሶ ችግሩን መፈለጉ ያመሳስላቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይለያያል። ወጌሻ የሚፈለገው አጥንት ሲሰበርና ሲወልቅ ነው። ለዲኦው ግን ስብራት ያለበት ቦታ ክልክል ነው፤ እዚያ ላይ ኦኤምቲ አይሠራም። የሚሠራው እንቅስቃሴው በታገደ መገጣጠሚያ፣ በተወጠረ ጡንቻና በተሸበበ ሽፋን ላይ ነው። ያም ቢሆን ከኤክስሬዩ፣ ከደም ምርመራውና ከአንቲባዮቲኩ ጋር እንጂ በእነሱ ምትክ አይደለም።

ሥልጠናው ከማኅበረሰብ ሆስፒታል ጋር ለምን ተቆራኘ?

ዲኦዎች በር ስለተዘጋባቸው ነው። አንድሩ ቴይለር ስቲል ሚዙሪ ውስጥ ኪርክስቪል ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት በ1892 ከከፈተ በኋላ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኤምዲዎች የሚያስተዳድሯቸው ሆስፒታሎች ዲኦዎችን አላስጠጉም። ዲኦዎቹም የራሳቸውን ሠሩ፤ አብዛኞቹ ትንንሽ የሰፈርና የከተማ ሆስፒታሎች ነበሩ። ሬዚደንሲውም እዚያው በቀለ። ነገሩ የቱን ያህል የተካረረ እንደነበር ለማየት ካሊፎርኒያን ማየት ይበቃል፤ በ1962 ሁለት ሺህ ገደማ ዲኦዎች 65 ዶላር ከፍለው ዲግሪያቸውን ወደ ኤምዲ ቀየሩ። ሥልጠናቸው አልተለወጠም፣ ሁለቱ ፊደላት ብቻ ተለወጡ። የአሜሪካ ጦር ዲኦዎችን በሐኪምነት መቀበል የጀመረው በ1966 ነው።

እስከ 2020 ድረስ ዲኦዎች የራሳቸው የሬዚደንሲ ዕውቅና ሰጪ ነበራቸው። ከ2015 እስከ 2020 በተደረገው ሽግግር ሁሉም ለኤምዲዎቹ ፕሮግራሞች ዕውቅና ይሰጥ በነበረው በኤሲጂኤምኢ ሥር ተጠቃለለ። ዛሬ ዲኦውም ኤምዲውም በአንድ ዋርድ፣ በአንድ ሕግ ይሠለጥናሉ።

ታዲያ አሁን አንድን ፕሮግራም «ኦስቲዮፓቲክ» የሚያሰኘው ምንድነው?

ኤሲጂኤምኢ የሚሰጠው «ኦስቲዮፓቲክ ሪኮግኒሽን» የሚባል ተጨማሪ ዕውቅና አለ። ፕሮግራሙ በፈቃዱ ነው የሚያመለክተው። ሲፈቀድለት የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ኃላፊ ይሾማል፣ በዚህ መስመር የሚሠለጥኑ ሬዚደንቶችን ይለያል፣ የኦኤምቲ ትምህርትና ምዘና በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያስገባል። ኤምዲም በዚህ መስመር መግባት ይችላል፤ አስቀድሞ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው።

ዕውቅናው ግን ወረቀት ነው። ክሊኒኩ ውስጥ የኦኤምቲ ጠረጴዛው የፋይል ካርቶን መደርደሪያ ሆኖ ከተገኘ መልሱን ያው አገኙ። በእጁ የሚሠራ አቴንዲንግ (ሥልጠናውን የጨረሰ ተቆጣጣሪ ሐኪም)፣ የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ ክፍል በሌለበት፣ ከኮሌጅ ይዘውት የመጡት ክህሎት በስድስት ወር ውስጥ ይዝጋል። ምክንያቱም ስንፍና አይደለም፤ ኢንተርኑ (የአንደኛ ዓመት ሬዚደንቱ) አሥር ታካሚ ይዞ ማንም ሳያዘው አልጋ ዳር አሥር ደቂቃ ተጨማሪ አይቆይም።

ሦስቱ ዓመት እንዴት ይከፋፈላል?

ሥልጠናው 36 ወር ነው፤ ጁላይ 1 አካባቢ ይጀምራል። ቢያንስ 10 ወር ከተኝቶ ታካሚዎች ጋር፣ ቢያንስ 10 ወር በተመላላሽ ሕክምና፣ 6 ወር ደግሞ ሬዚደንቱ ወደፊት ሊሠራ ወዳሰበው ያጋደለ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች አራት ሳምንት ዋርድ ወይም ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ክሊኒክ ብቻ ያደርጋሉ፤ «ፎር ፕላስ ዋን» ይሉታል። ስድስት በሁለት የሚያደርጉም አሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ዋርድ ላይ ያለ ሬዚደንት ከሰዓት ክሊኒክ እሮጣለሁ ብሎ ታካሚውን ለሌላ ጥሎ አይሄድም። ለኦኤምቲ ደግሞ የክሊኒኩ ሳምንት ወሳኝ ነው፤ የጀርባ ሕመምተኛውን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀጠሮ መልሶ የሚያየው ያው ሐኪም ይሆናል።

ሰዓቱና የታካሚው ብዛት ምን ያህል ነው?

በሳምንት ከ80 ሰዓት አይበልጥም፤ የሚሰላው በአራት ሳምንት አማካይ ነው። እቤት ተቀምጠው የሚጽፉት ኖትም ይቆጠራል፤ ብዙ ኢንተርን ይህን ሳያውቅ 80ውን ያልፋል። በአማካይ ከሰባት ቀን አንዱ ነፃ ነው። ተከታታይ ሥራ ከ24 ሰዓት አይበልጥም፤ ለርክክብና ለትምህርት እስከ 4 ሰዓት ይጨመራል፣ አዲስ ታካሚ ግን አይሰጥም። ከ24 ሰዓት ዲዩቲ በኋላ 14 ሰዓት እረፍት ግዴታ ነው። የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት ከሥልጠናው ውጭ ተጨማሪ ዲዩቲ ሠርቶ ገንዘብ ማግኘት አይፈቀድለትም።

ኢንተርን በአንድ ቀን ከ5 በላይ አዲስ ታካሚ፣ በ48 ሰዓት ከ8 በላይ አይቀበልም፤ ከዋርድ ወደ ዋርድ የሚዛወሩ ሁለት ሊጨመሩ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ የሚከታተለው ከ10 አይበልጥም። ቁጥሩ ሲያልፍ ለሲኒየሩ (ከአንደኛ ዓመት በላይ ላለው ሬዚደንት) መናገር አቤቱታ አይደለም፤ ሲኒየሩም ማወቅ አለበት።

አልጋ ላይ ለተኛ ታካሚ ኦኤምቲ እንዴት ይሠራል?

በብዛት የሚሠራውን እንውሰድ፤ የሳንባ ምች ይዞት ለተኛ ታካሚ ጎድን ማንሳት። የጎድኑ ራስ አጠገብ ሲምፓቴቲክ የነርቭ ሰንሰለት ያልፋል፤ ሐሳቡ የጎድኑን እንቅስቃሴ ማላላትና ትንፋሹን ማቅለል ነው።

መጀመሪያ ለነርሷ ይናገሩ። የቻርቱን ሦስት ነገር ይዩ፦ ስብራት ወይም ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር አለ? በቅርቡ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ነበር? የደረት ቱቦ ገብቷል? ከዚያ ለታካሚው ምን እንደሚያደርጉ በቀላል ቋንቋ ነግረው ፈቃዱን ይጠይቁ። የአልጋውን አጥር ያውርዱ፣ አልጋውን ተቀምጠው ክንድዎ ፍራሹ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዝቅ ያድርጉት። የኦክስጅን ቱቦውና የልብ መከታተያ ገመዱ ከእጅዎ ሥር አለመግባታቸውን ይዩ።

ታካሚው በጀርባው ይተኛል። ሁለት እጅዎን መዳፍ ወደ ላይ አድርገው ከጀርባው ሥር ያስገቡ፤ የጣቶችዎ ጫፍ ከአከርካሪው ጎን፣ ጎድኑ መታጠፍ የሚጀምርበት ላይ ያርፋል። ጣትዎን አጥፈው ክንድዎን እንደ ማንሻ ወደ ፍራሹ ሲጫኑ ጎድኑ ወደ ላይና ወደ እርስዎ ይሳባል። ጥቂት ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ አንድ ጎድን ከፍ ይበሉ። አንዱ ጎን ሲያልቅ በሌላው ይድገሙ። በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፍራሹ ላይ ነው። ለአልጋ ቁስል መከላከያ የሚነፋው ፍራሽ ክንድን ይውጣል፤ ማንሻው መደገፊያ ያጣል፣ ኢንተርኑም በትከሻው ማንሳት ይጀምራል። ሦስት ታካሚ ሳይሠራ ጀርባው ይያዛል። መፍትሔው ፍራሹን ሙሉ በሙሉ የሚያጠነክረውን ቁልፍ ተጭኖ መሥራትና ሲጨርሱ መመለስ ነው። መመለሱን የሚረሳ ሬዚደንት ከነርሶቹ ጋር ይጣላል፤ እውነታቸውን ነው።

የማይነካ ማን ነው?

ድንገተኛና ፈጣን ግፊት ያለበት ዘዴ፣ ያ «ቀጭ» የሚያደርገው፣ አጥንቱ ለሳሳ፣ ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ለገባ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ አንገቱን ለያዘው፣ ወይም ዳውን ሲንድረም ላለበት ሰው አንገት አይሠራም፤ የላይኞቹን ሁለት የአንገት አጥንቶች የሚያስተሳስረው ጅማት ላልቶ ሊሆን ይችላል። የውስጥ ደዌ ዋርድ ታካሚ አብዛኛው አረጋዊ ስለሆነ ይህ ዘዴ እዚያ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ለስላሳዎቹ ይበቃሉ፦ ታካሚው ለ3 እስከ 5 ሰከንድ በቀስታ የሚገፋበትና 3 እስከ 5 ጊዜ የሚደጋገመው የጡንቻ ኃይል ዘዴ፣ ወይም የሚያመውን ነጥብ አሳጥሮ ለ90 ሰከንድ መያዝ።

ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ላለበት ሰው ደረቱን በኃይል እየተጫኑ ድንገት የሚለቁበትን የሊምፍ ፓምፕ ይተዉ። በ2008 የወጣ ጥናት በእንዲህ ዓይነት አረጋውያን ላይ ከኦኤምቲ በኋላ ሳንባ ውስጥ ታስሮ የሚቀረው አየር እንደጨመረ አሳይቷል፤ የተጠረጠረውም ይኸው ዘዴ ነው።

እውነት ይሠራል?

ቀጥተኛው መልስ፦ ለታችኛው ጀርባ ሕመም ማስረጃው ይሻላል፣ ለተኝቶ ታካሚ ደካማ ነው። ትልቁ ጥናት በ2010 የታተመው ነው። በሰባት የማኅበረሰብ ሆስፒታሎች፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 406 የሳንባ ምች ታካሚዎች በሦስት ተከፈሉ፦ በቀን ሁለት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ኦኤምቲ፣ ቀላል መዳበስ ብቻ፣ ወይም የተለመደው ሕክምና ብቻ። የተመደቡት ሁሉ ሲቆጠሩ ልዩነት አልታየም። ሕክምናውን እንደታዘዘው የጨረሱት ብቻ ሲቆጠሩ ግን ኦኤምቲ ያገኙት ከተለመደው ሕክምና ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፤ ከቀላል መዳበሱ ጋር ሲወዳደሩ ግን ልዩነቱ እንደዚያ ጎልቶ አልታየም። ሁለተኛውን ውጤት ብቻ የሚጠቅስ መምህር ካጋጠመዎት የመጀመሪያውንም ይጠይቁት። ኢንተርቪው ላይ ይህን ጥናት ከነድክመቱ የሚያስረዳ አመልካች ከሚያሞግሰው በላይ ይታመናል።

ኖቱ ለምን ይመለሳል?

ምክንያቱ ሁሌም አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ «ኦኤምቲ ተሠርቷል፣ ታካሚው በደንብ ተቀብሎታል» ተብሎ ይጻፍና ያልቃል። ኢንሹራንሱ ይህን አይከፍልም። ኖቱ ላይ መገኘት ያለበት በእጅ ምን እንደተገኘ ነው፦ የሕብረ ሕዋሱ ስሜት መለወጥ፣ የግራና የቀኝ አለመመጣጠን፣ የእንቅስቃሴ መታገድ፣ ሲነካ ማመም። ከዚያ የሰውነት ክፍሉ፣ የተሠራው ዘዴ፣ ከሥራው በኋላ የተለወጠው።

ክፍያው የሚቆጠረው በሰውነት ክፍል ነው። ክፍሎቹ አሥር ናቸው፦ ራስ፣ አንገት፣ የደረት አከርካሪ፣ የወገብ አከርካሪ፣ ሳክረም፣ ዳሌ፣ እግር፣ እጅ፣ የጎድን አጥንት፣ ሆድ። አንድ ወይም ሁለት ክፍል ከተሠራ ኮዱ 98925 ነው፤ ሁለት ሁለት እየጨመረ 9 እና 10 ክፍል ላይ 98929 ይደርሳል። በዚያው ቀን ታካሚውን ለስኳሩም ለግፊቱም አይተውት ከሆነ የምርመራው ኮድ ላይ 25 የሚለው ማሻሻያ ይጨመራል፤ ካልተጨመረ አንዱ ብቻ ይከፈላል። ስድስት ክፍል ሠራሁ ብሎ የሁለቱን ግኝት ብቻ መጻፍ ደግሞ ኦዲት ይጋብዛል።

ኮምሌክስ (የዲኦዎች የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና) ብቻ ይበቃኛል?

ፈቃድ ለማግኘት ይበቃል። ለማች ግን እንደ ሆስፒታሉ ነው። የቆየ የዲኦ ታሪክ ያላቸው የማኅበረሰብ ሆስፒታሎች ኮምሌክስን ያለ ጥያቄ ያነባሉ። አንዳንድ ፕሮግራም ግን ማመልከቻ የሚያጣራው ኤምዲዎች በሚፈተኑት በዩኤስኤምኤልኢ ስቴፕ 2 ውጤት ነው፤ ያ ሳጥን ባዶ ከሆነ ማመልከቻውን ሰው ሳያየው ይወድቃል። የሁለቱም የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ከ2022 ጀምሮ ውጤቱ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሆነ ክብደቱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ወድቋል። የኮምሌክስ ሌቭል 2 ማለፊያ 400 ነው፤ መለኪያው ከስቴፕ ጋር አይገናኝም፣ ቁጥሩን ጎን ለጎን አያወዳድሩ። የልብ ወይም የጨጓራና አንጀት ፌሎሺፕ (ከሬዚደንሲ በኋላ ያለ የንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና) ካሰቡ ስቴፕ 2ን ይፈተኑ።

ማመልከቻው ሴፕቴምበር ላይ ይገባል፣ የምርጫ ዝርዝር የሚዘጋው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጀመሪያ ነው፣ የማች ቀን የማርች ሦስተኛው ዓርብ ነው። ሳይመደብ የቀረ ሰው ሰኞ ያውቃል፤ በዚያው ሳምንት ክፍት ለቀሩት ቦታዎች ያመለክታል።

ኢትዮጵያ ተምሬ የመጣሁ ኤምዲ ነኝ፤ እዚህ ማመልከት እችላለሁ?

ይችላሉ። ከሽግግሩ በፊት የዲኦ ሬዚደንሲ ለሌላ ዝግ ነበር፤ አሁን ክፍት ነው። ኮምሌክስ መፈተን አይችሉም፣ እሱ ለአሜሪካ ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ ተማሪ ብቻ ነው። የእርስዎ መንገድ ስቴፕ 1፣ ስቴፕ 2፣ ኦኢቲ የሚባለው የሕክምና እንግሊዝኛ ፈተናና ውጭ አገር ለተማሩ ሐኪሞች የሚሰጠው የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ነው።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ መጥተው ግሪን ካርድ ያላቸው ሐኪሞች የቪዛ ጣጣ የለባቸውም፤ ለማኅበረሰብ ሆስፒታል ይህ ትልቅ ነገር ስለሆነ ማመልከቻው ላይ በግልጽ ይታይ። ጄ-1 የሚባለውን የልውውጥ ቪዛ የሚወስድ ሰው ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር የፍላጎት ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገሩ መመለስ፣ ወይም ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ሦስት ዓመት ሠርቶ ነፃ መውጣት አለበት። ለዚህኛው እያንዳንዱ ግዛት በዓመት 30 ቦታ አለው። ኤች-1ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛ ከፈለጉ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ስቴፕ 3 ማለፍ ግድ ነው፤ ወጪውን የማይሸከሙ ትንንሽ ሆስፒታሎች ስላሉ ከማመልከትዎ በፊት ኮኦርዲኔተሯን በኢሜይል ይጠይቁ።

ኢንተርቪው ላይ ምን ልጠይቅ?

«ኦኤምቲ ታስተምራላችሁ?» አይበሉ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። ባለፈው ወር ክሊኒካችሁ ውስጥ ስንት የኦኤምቲ ቀጠሮ ነበር? ከአቴንዲንጎቹ ስንቱ በእጁ ይሠራል? ዋርድ ላይ ሬዚደንቱ ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ የሚፈርመው ማነው? ባለፉት አምስት ዓመታት የስፔሻሊቲ ቦርድ ፈተና ያለፉት ስንት ናቸው፣ ፌሎሺፕ የገቡትስ የት ገቡ? ሌሊት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሐኪም አለ ወይስ ስልክ ብቻ ነው?

የመጨረሻውን በተለይ ሬዚደንቶቹን ለብቻቸው ይጠይቁ። የማኅበረሰብ ሆስፒታል ጥሩነቱ ፌሎው ስለማይበዛ የሆድ ውኃ መቅዳቱም፣ ወፍራም የደም ሥር መስመር ማስገባቱም የሬዚደንቱ መሆኑ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያስተምር ከሌለ እጅ ብቻውን አይማርም።

ሆስፒታሉ ቢዘጋስ?

ይከሰታል። በ2019 ፊላደልፊያ ውስጥ ሃኔማን ሆስፒታል ሲዘጋ ከ500 በላይ ሰልጣኞች ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው። ለሰልጣኙ ከሜዲኬር (ከመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) የሚከፈለው ገንዘብ በጊዜያዊነት አብሮት ሊዛወር ስለሚችል ተቀባይ ሆስፒታል ማግኘት ይቻላል። የሠሯቸውን ሮቴሽኖችና ፕሮሲጀሮች ዝርዝር በየስድስት ወሩ በራስዎ ኮምፒውተር ያስቀምጡ፤ ሆስፒታሉ ሲዘጋ ሲስተሙም ይዘጋል።

የመጀመሪያው ጁላይ ላይ በብዛት የሚበላሸው ምንድነው?

ርክክብ። «ሌሊት ሊያተኩሳት ይችላል» ተብሎ የተሰጠ ርክክብ ለተረኛው ምንም አይነግረውም። «ሙቀቷ ከ38.3 ካለፈ ሁለት የደም ካልቸር ውሰድ፣ አንቲባዮቲኩን አትቀይር፤ ግፊቷ ከ90 በታች ከወረደ ግን ሲኒየሩን ጥራ» ሲባል ግን ተረኛው ሥራውን ያውቃል። ቀጥሎ ያለው ወደ ቤት ሲላኩ የሚሰጥ የመድኃኒት ዝርዝር ነው፤ ለፕሮሲጀር ተብሎ የቆመ ደም ማቅጠኛ መልሶ መቼ እንደሚጀመር ሳይጻፍ ይቀራል፣ ታካሚውም በሁለተኛው ሳምንት ስትሮክ ይዞት ይመለሳል።

ፈተናዎቹ መቼ ያልቃሉ?

ኮምሌክስ ሌቭል 3 ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ማለፊያው 350 ነው። በአንደኛው ዓመት ማገባደጃ መውሰድ ይሻላል፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሲኒየር ሆነው ሌሊት ሲያድሩ ጊዜ አይገኝም። እንደ ሚሺጋን፣ ፔንሲልቬንያና ፍሎሪዳ ያሉ ግዛቶች ለዲኦ የተለየ የፈቃድ ቦርድ አላቸው፤ ማመልከቻውን ለኤምዲዎቹ ቦርድ ልኮ ወር የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ዲኦ የኤምዲዎቹን የውስጥ ደዌ ቦርድ (ኤቢአይኤም) ወይም የኦስቲዮፓቲኩን የውስጥ ደዌ ቦርድ መርጦ መፈተን ይችላል። ወደፊት ሊቀጥርዎት ያሰበው ሆስፒታል የትኛውን እንደሚቀበል ከመመዝገብዎ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን ይዩ።